ምስማር የሌላቸው ወንበሮች

ሮቤ ከተማ ዛሬ በየጥጉ አዲስ ቤት ነው፤ በሄድኩበት ቫርኒሽ ይሸተኛል። ሌላው ሰው ሲሸተው የሙሽራ ዕቃ ይታየዋል። እኔ ዞር ብዬ በሩን አያለሁ።

ይኸውልሽ፣ ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ። የወታደር አፈሳ አለ ተባለ። ገበያ የወጣ ወንድ ልጅ ሳይመለስ መቅረት ጀመረ። ወንድሜ አናጢ ነበር፤ እናቴ ሥራውን አስተወችውና ጓዳ ከተተችው። ለጠየቀን ሁሉ "ጎሮ ነው፣ አክስቱ ጋ" እንላለን።

እጁን አጣጥፎ መዋል የማይችል ሰው ነው። መዶሻ ደግሞ ይሰማል። ስለዚህ ከጥድ ቁርጥራጭ የአሻንጉሊት ዕቃ በቢላዋ ይሠራ ጀመር። አውራ ጣት የሚያህል ወንበር፣ መዝጊያው የሚከፈት ቁምሳጥን፣ አልጋ። አንድም ምስማር የለበትም፤ እንጨቱን እርስ በርሱ አናክሶ በኮላ ያጣብቀዋል። እኔ ከጎኑ ሆኜ በብርጭቆ ወረቀት አለሰልሳለሁ።

"ሱታ፣ ሱታ" ይለኛል በሹክሹክታ። "ቀስ በይ። በእንጨቱ መስመር ካልሄድሽ ይጮሃል።"

እውነቱን ነው፣ ይጮሃል። ከቆርቆሮው ብርድ ይወርድብናል፤ የጥዱ ብናኝ አፍንጫዬን ይበላኛል። ውጭ ኮቴ ሲያልፍ የሁለታችንም እጅ ይቆማል።

ለድምፁ እንዲያ ስንጠነቀቅ ሽታውን ረሳነው።

አንድ ከሰዓት ቫርኒሽ እየቀባን በር ተንኳኳ። ወንድሜ ኮርኒስ ውስጥ ገባ። የመጣው የሰፈራችን ጥበቃ አለቃ ነበር። ማን ቤት ወንድ ልጅ እንዳለ የሚጠቁመው እሱ ነው ይባላል።

"አካም ጂርቱ፣ አዴ" ብሎ እናቴን ሰላም አላት። "ቀለም ሸተተኝ። አናጢው ከጎሮ ተመለሰ እንዴ?"

ከእናቴ ቀደምኩ። "እኔ ነኝ ጋሼ" አልኩ። "መጫወቻ እየሠራሁ ነው።"

"አንቺ? ውሃ እንኳን ሳትደፊ ቀድተሽ አታውቂ። እስቲ ሥሪ፣ ልይሽ።"

በርጩማ ስቦ ተቀመጠ። አንድ እግር የሚቀራት አልጋ ነበረች። ወንድሜ ሲቆርጥ አይቻለሁ እንጂ እኔ ቆርጬ አላውቅም። እንደ ወንድሜ ክርኔን ጉልበቴ ላይ አስደገፍኩ። ቀረፍኩ፣ ለካሁ፣ እንደገና ቀረፍኩ። ከበላያችን ኮርኒሱ ቋ አለ።

ሰውየው ቀና ብሎ አየ።

"አይጥ ነው" አለች እናቴ።

"ድመት የላችሁም?"

"ነበረችን። አይጦቹን ፈርታ ጠፋች።"

ሳቀ። እኔ እግሩን ቀዳዳው ውስጥ ከተትኩት፤ ልክ ገባ። አልጋዋን ነጥቆ መዳፉ ላይ አቆማት፤ አልተንገዳገደችም።

"ቀብተሽ ጨርሺና ለልጄ አምጪላት" አለኝ። ከበሩ ዞሮ ኮርኒሱን ደግሞ አየ። "ነገ ድመት ይዤላችሁ እመጣለሁ። ራሴ ነኝ ኮርኒሱ ውስጥ የማስገባት።"

በማግስቱ ማለዳ እናቴ አልጋዋን አስያዘችኝ። "ሄደሽ ሰውየውን ከቤቱ እንዳይነሳ አድርጊው። ወንድምሽ ከሮቤ እስኪወጣ ድረስ አውሪው።"

የሰውየው ቤት መናኸሪያው አጠገብ ነው። ቫርኒሹ ስላልደረቀ ጣቶቼ ተጣብቀዋል። ልጁ አሻንጉሊቷን አስተኝታ አቡጀዴ አለበሰቻት። ሰውየው ሻይ አስቀዳልኝ። ድመቷ እግሩ ሥር ካርቶን ውስጥ ታስራ ትጮሃለች። እኔ ስለ ኮላ እለፈልፋለሁ፣ ስለ ብርጭቆ ወረቀት እለፈልፋለሁ።

"ለመሆኑ ማን አስተማረሽ?" አለኝ።

"ማንም።"

ወንድሜ በጎባ በኩል አድርጎ አንገቱ የምትባል ከተማ ገባ። ደህና ነው፤ እዚያው አግብቶ ቀረ። ሮቤን ግን ዳግም አልረገጣትም። ያን ዕለት እናቴ ስታጣድፈኝ ወደ ኮርኒሱ እንኳ ቀና ሳልል ነበር የወጣሁት።

"ጎባ፣ ጎባ! አንድ ሰው ነው የቀረው፣ አንድ ሰው!" ይላል የአንድ አውቶቡስ ረዳት ከመስኮቱ ውጭ። ሰውየው ካርቶኑን አንስቶ ሊቆም ሲል ልጁ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ፣ "እሽሽ፣ ተኝታለች" አለችው። ተመልሶ ተቀመጠ።

ረዳቱ ጥሪውን አቆመ። አውቶቡሱ በሩን ዘግቶ ሲነሳ ሰማሁ።

"ጠጪ እንጂ፣ ቀዘቀዘ" አለኝ ሰውየው።

ጠጣሁ።