የእናቴ ጤና አዳም

እናቴ ካረፈች ወዲህ ወደ ትውልድ አገሬ ደሃና ስመለስ የመጀመሪያዬ ነው። ጓሮዋ ደርቆ ጠበቀኝ። ልሄድ ዞር ስል፣ በጎረቤታችን በእትዬ ብርነሽ አጥር በኩል የሚሰነፍጥ የጤና አዳም ሽታ መጣ። እግሬ እዚያው ቀረ።

ልጅ ሆንኩ። ዝናቡ ቀርቶ ጎመኑም ቃሪያውም ጠውልጎ፣ ጤና አዳሙ ብቻ ቢጫ አበባውን አፍክቶ ንብ ይዞረዋል። እናቴ እግራችንን የታጠብንበትን ውሃ ታጠጣዋለች። ከዚያ ጠንከር ያለውን ቅርንጫፍ ቆርጣ በእርጥብ ጨርቅ ጠቀለለችና፣

"ለእትዬ ብርነሽ አድርሺ፤ ይትከሉት" አለችኝ።

በድንበር ተጣልተው እንደማይነጋገሩ አውቃለሁ።

"ለምን ለእሳቸው?"

"እኔ ዘንድ ቢጠፋ የምለምነው ሰው እንዲኖረኝ ነዋ!"

አልገባኝም። አበባው ጉንጬን እየነካካኝ፣ ሽታው እያፈዘዘኝ ሄድኩ። ሲመሽም እጄ ጤና አዳም ጤና አዳም ይል ነበር።

"ማነው እሱ?" የሚል ድምፅ ከሐሳቤ መለሰኝ፤ እትዬ ብርነሽ ናቸው፣ ከአጥሩ ማዶ። አርጅተዋል፤ ዓይናቸው ደክሟል። ስሜን ነገርኳቸው። ጎንበስ አሉ፤ አበባ ያለው ቅርንጫፍ ቆርጠው፣ ጨርቅ አርሰው ጠቀለሉልኝ።

"እንኪ" አሉኝ። "መጥታ ትለምነኛለች ብዬ እንደጠበቅኋት ቀረች።"