«ልጄ፣ ውደም»

ባሌ የአማርኛ አስተማሪ ነበር። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ሌላ ሌላውን ነገር ሰው ሁሉ ስለሚያስታውስ ነው። ጂንካ ውስጥ የሚያውቁት ሰዎች ዛሬም ሲነሳ የሚያወሩት ስለ መኪናው፣ ስለ ካኪ ልብሱና ከሞስኮ ይዞት ስለመጣው የጠጉር ባርኔጣ ነው። ባርኔጣውን አንድ ቀን አድርጎት ወጥቶ ላብ በላብ ሆኖ ተመለሰና «አንቺዬ፣ ይህስ ለጠላት የሚሰጥ ነው» ብሎ ጥግ ላይ ወረወረው። የምትታቀፍ ዶሮዬ አገኘችውና ተኛችበት። እኔን የሚናፍቀኝ ያ ሰው ነው፤ ዶሮዋ እንዳትደነግጥ ብሎ በገዛ ቤቱ በእግሩ ጣት የሚራመደው።

ወደ ጂንካ የመጣው አብዮቱ በፈነዳ ማግስት፣ በጭነት መኪና፣ በሽንኩርት ጆንያ ላይ ተቀምጦ ነው። እኔ ገበያው ዳር በራሴ የስፌት መኪና ልብስ እሰፋ ነበር። የተቀደደ ሱሪ ይዞ መጣ፤ ሰፋሁለት፤ በሳምንቱ ያው ሱሪ እዚያው ቦታ ላይ ተቀዶ መጣ። በሦስተኛው «አንተ ሰውዬ፣ በምላጭ ነው እንዴ የምትቀደው?» አልኩት። ጆሮው ድረስ ቀላ። እንዲህ ተጋባን።

አባቴ በገዘር በኩል እንሰትና ገብስ የሚያለማ የአሪ ገበሬ ነው። መጀመሪያ አገሩን የማያውቀውን ሰው ለልጁ አልወደደም ነበር። ባሌ አሪኛ ለመማር ሲታገል፣ አፉን ሲያጣምም፣ ላሟን ለማለት አማቱን ሲጠራ ሰማውና ሆዱን ይዞ ሳቀ። ከሳቀ በኋላማ አለቀ። እኔን ለመጠየቅ ነው የምመጣው እያለ እሱን ሊጠይቅ ይመጣ ጀመር።

የአባቴ አማርኛ ግማሹ ከጸሎት ቤት መዝሙር፣ ግማሹ ከባሌ የማታ ትምህርት የተገኘ ነበር። መሠረተ ትምህርት ሲታወጅ ባሌ ቀን ልጆች፣ ማታ ሽማግሌ ያስተምራል፤ ሰልፍ በመጣ ቁጥር ደግሞ መፈክሩን እኔ በቀይ ጨርቅ ላይ እሰፋለሁ። በአንዱ ጨርቅ ላይ «ይቅደም»፣ በሌላው ላይ «ይውደም»። አባቴ ፊደል ያጠናው በእነዚያ ጨርቆች ነው። ሁለቱንም ሰው እጁን ጨብጦ ይጮኻቸዋል፣ ሁለቱም በአንድ ዓይነት ያልቃሉ። «መንትያ ናቸው» ይል ነበር፤ «እናታቸው ካልሆነች ማን ይለያቸዋል?»

እንግዲህ በእኛ አገር ሁለት ሰው በራፍ ላይ ከተገናኘ ክርክር አለ። አንተ ቅደም፣ የለም አንተ ቅደም። ባሌ ደግሞ ይህን አክባሪ ነው፤ ቤታችን በር ላይ ደረቱን ይዞ ጎንበስ ይልና «አባባ፣ ይቅደሙ» ይላል። አባቴም እንዳያንስ እሱም ጎንበስ ብሎ፣ እንደ ጠዋት ሰማይ የጠራ ፊቱን አብርቶ፣ «የለም ልጄ፣ ውደም!» ይለዋል።

የመጀመሪያ ቀን ሳህን ከእጄ ወደቀ። ባሌ ግን ግድግዳ ተደግፎ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ላርመው ስል ከለከለኝ። «ተይው። ስንት ሰው ልቡ ውደም እያለ በአፉ ቅደም ይለኛል። የአባባ ይሻለኛል» አለ። ከዚያ በኋላ የቤታችን ቃል ሆነ። ምግብ ሲቀርብ ውደሚ ይለኛል፣ ወንዝ ስንሻገር ውደሚ ይለኛል። ነሪ ወንዝ ዳር አንዲት ሴትዮ ይህን ሰምታ «ምነው ይህቺን የመሰለች ሚስት!» ብላ ተቆጣችው።

ከዚያ ሹመቱ መጣ። ከትምህርት ቤት ወደ ቀበሌ፣ ከቀበሌ ወደ አውራጃ፣ ከዚያ ለትምህርት ሞስኮ፣ ከሞስኮ ተመልሶ ትልቁ ወንበር። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል። የጎረቤት ሴቶች ያልተቀደደ ልብስ ይዘው «ጥቀሚልን» እያሉ ይመጡ ጀመር፤ ቤቴ መታየት ፈልገው ነው። አፌ አያርፍምና «መጀመሪያ ቅደዱትና አምጡት» እላቸው ነበር። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል። ባሌ አልበላም፤ መብላቱን ቢያውቅበት ኖሮ እኔ ዛሬም እንዲህ በእግር መኪና ባልሰፋሁ። ግን ንጹሕ ነበር ብዬም አልዋሽም። ማጥራት የሚሉት ነገር እኛ አገር ሲደርስ፣ ከእሱ በፊት በወንበሩ ላይ የነበረው፣ ገበታችን ላይ አብሮን ሲበላ የኖረ ሰው፣ በስብሰባ ተጋልጦ ታሰረ። ባሌም ከሌሎቹ ጋር እጁን አወጣበት። የዚያን ቀን ማታ ያቺ እጁ ወደ ሳህኑ አልተዘረጋችም። የሰውየው ሚስት እኔን ስታይ ጭቃውን መርጣ መንገድ ትሻገር ነበር፤ አልፈረድኩባትም።

የመሠረተ ትምህርት ምረቃ የተደረገው አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ነው። ከተማው መሃል ያለው ሜዳ እሱ ብቻ ነው፤ ላሞቹ ተባረሩ፣ ከአርባ ምንጭ ባለሥልጣን በአውሮፕላን መጣ። ከተመራቂዎቹ ሁሉ በዕድሜ ትልቁ አባቴ ስለነበር መፈክር እንዲያሰማ ባሌ አሰበ። ኮርቶበት ነው። ጠዋት ቤት ውስጥ ሲለማመድ አንድም አልተሳሳተም።

አባቴ ነጭ ጋቢውን አጣፍቶ ድምፅ ማጉያው ፊት ቆመ። እጁን ጨበጠና «ኢትዮጵያ ትውደም!» አለ።

ሕዝቡም፣ አብዛኛው አማርኛን እንደ አባቴ ከሰልፍ የተማረ ነውና፣ እጁን ጨብጦ «ትውደም!» አለ።

«ኢምፔሪያሊዝም ይቅደም!»

«ይቅደም!»

አማርኛ በደንብ የሚያውቁት ጥቂቶች መሬት መሬት ያያሉ። ባሌን ዞር ብዬ ሳየው ከንፈሩን ነክሶ ይዟል፣ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። በፍርሃት እንዳይመስላችሁ። ሳቁ አምልጦት ነው። እኔ አየሁት፤ ባለሥልጣኑም አየው።

በማግስቱ አውራጃው አዳራሽ ውስጥ የሂስና ግለ ሂስ ስብሰባ ተጠራ። በሴቶች ማኅበር በኩል ስለነበርኩ ከኋላ ተቀምጫለሁ። ባለሥልጣኑ ወደ ባሌ ዞሮ «ጓድ፣ ይህ ሽማግሌ ሆን ብሎ ነው ወይስ አይደለም?» አለው። ከጎን አንዱ ተነስቶ «የጸሎት ቤት ሰው ነው፤ ጸሎት ቤቱ ስለታሸገበት ቂም ይዟል» ሲል መንገዱን አበጀለት። ባሌ አዎ ቢል በቃ ነበር። አባቴ ይወሰዳል፣ እሱ ከነወንበሩ፣ ከነመኪናው ይቀራል። የተወሰደ ምን እንደሚሆን አዳራሹ ውስጥ የማያውቅ የለም። እኔ መሃላቸው ቁጭ ብዬ፣ አንዱ የወለደኝ፣ አንዱ ያገባኝ፣ እግዚአብሔርን ምን ብዬ እንደምለምነው ጠፋኝ። ባሌ አንድ ጊዜ አየኝ። ከዚያ ተነሳ።

«ሽማግሌው አላጠፉም። አስተማሪያቸው እኔ ነኝ። ቅደምንና ውደምን ለይቼ አላስተማርኳቸውም። እንዲያውም እቤት ውስጥ ሲሳሳቱ እስቅ ነበር።»

«ትስቅ ነበር?»

«አዎ፣ እስቅ ነበር።»

እጆች ወጡ። ያን ሌላውን ሰው ያሳሰሩት እጆች ናቸው፤ የእሱ ብቻ ጎደለች።

አውሮፕላኑ ሲመጣ ቀበቶውን አስፈትተውት ሱሪውን በእጁ ይዞ አመጡት። ያ ሱሪ ነው፤ የእኔ ስፌት ከጉልበቱ ላይ ይታያል። አባቴ የተጠበሰ ጎደሬ በኮባ ቅጠል ጠቅልሎ ከገዘር በእግሩ ወርዷል፤ መጠጋት ግን አልፈቀዱልንም። ባሌ መሰላሉ ሥር ሲደርስ ቆመ። ልማድ አይለቅምና ወደ ወታደሩ ዞሮ ደረቱን ይዞ ጎንበስ አለ። ይቅደሙ ማለቱ ነው! ወታደሩ በክርኑ ገፋው።

ያኔ አባቴ ከጎኔ ሆኖ ሜዳው እስኪሰማ ጮኸ። የበራፋችንን ክብር ሊሰጠው ነው። «ልጄ፣ ቅደም!» አለ።

ባሌ ዞረ። ፊቱ በራ። «ጎበዝ፣ አባባ!» አለው፣ ክፍል ውስጥ እንደሚለው። ከዚያ ገባ፤ በሩ ተዘጋ። አውሮፕላኑ ሲነሳ ላሞቹ ተመልሰው ሣራቸውን መጋጥ ጀመሩ።

አባቴ ከዚያ ቀን ወዲያ አማርኛ አልተናገረም። ቀይ አፈር ከተማ ገበያ ላይ ነጋዴ በአማርኛ ሲጠይቀው በአሪኛ ይመልሳል፤ ቀበሌ ሲጠራው እንደ ደንቆሮ ይቀመጣል። እኔ ቤት ሲመጣ ደግሞ በራፉ ላይ ቆም ይልና፣ አንድ ሰው የሚያልፍበት ያህል ቦታ ትቶ፣ ጥቂት ጠብቆ ይገባል። እኔ የአውሮፕላን ድምፅ በሰማሁ ቁጥር መርፌውን ጨርቁ ላይ ተክዬ እወጣለሁ። ስፌቴን ባገኝ ብዬ የሚወርዱትን ሁሉ የሱሪያቸውን ጉልበት አይ ነበር። ክረምቱን ወደድኩት፤ ሜዳው ጭቃ ሆኖ አውሮፕላን ስለማይመጣ ልቤ ያርፋል። ልጅ አልወለድንም፤ የማየው ፊት እንኳ አልተወልኝም። አልጋ ላይ፣ ማዕድ ላይ፣ ወንዝ ስሻገር፣ ውደሚ የሚለኝ ሰው ናፈቀኝ። ዛሬም ይናፍቀኛል።

መንግሥቱ ሲወድቅ እስር ቤቶች ተከፈቱ። በየጭነት መኪናው የሰው ባል፣ የሰው ወንድም ይወርዳል። አንድ ቀን አባቴ ከእኔ ጋር በራፍ ላይ ቁጭ ብሎ ሳለ አንድ የከሳ ሰው መጣ። ባሌ እጁን ያወጣበት ያ ሰው ነበር። እሱና ባሌ አርባ ምንጭ እስር ቤት አንድ ክፍል ውስጥ ነበሩ። «ይቅርታ ጠየቀኝ፤ አንድ ብርድ ልብስ ተካፈልን» አለኝ። «አንድ ቀን ከነጓዝህ ውጣ አሉት። ከዚያ ወዲህ አላየሁትም።»

ማልቀስ አቃተኝ። ግቡ ብዬ ተነሳሁ። ሰውየው፣ ጨዋ ነውና፣ ደረቱን ይዞ ለአባቴ ጎንበስ አለ። «አባባ፣ ይቅደሙ» አለው።

አባቴ ተነሳ እንጂ አልገባም። ሰውየውን ብዙ አየው። ከዚያ በአሪኛ፣ ለእኔ ብቻ፣ «ቃሉን በትክክል ያልኩት ያን አንድ ቀን ነው፤ እሱም አልተመለሰም» አለኝ። ከበራፉም ዞር ብሎ፣ ለእንግዳው ጎንበስ ብሎ፣ ከእነዚያ ሁሉ ዓመታት በኋላ በአማርኛ ተናገረ።

«የለም ልጄ፣ ውደም።»

ሰውየው ደንግጦ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ፊቱ ዐመድ መሰለ፤ እርግማን መስሎታል። እኔ እየሳቅሁ ነው፣ እንባዬም እየወረደ ነው። ክንዱን ያዝኩት።

«ግባ ማለቱ ነው» አልኩት።