የተረኛው ሳህን

መርከብ የሚባለውን ነገር ልጅ ሳለሁ የማውቀው በአሳ ጢስ ውስጥ ነው። ሲቀላ በሚባለው የከተማችን ሰፈር፣ ከገበያው ጀርባ፣ የኪራይ ክፍሎች ከተደረደሩበት ግቢ ነበር የምንኖረው። ያኔ ቀን የገባው ሙቀት ቢመሽም ከቆርቆሮው ስለማይወጣ ቤት ውስጥ ተቀምጦ ራት የሚበላ አልነበረም፤ ሁሉም ያለውን ይዞ ግቢው መሃል ካለው ማንጎ ሥር ይወጣል፤ ምድጃው አንድ፣ ትሪው አንድ፣ መብራት ሲጠፋ ፋኖሱም አንድ ነው። እናቴ ወጥና እንጀራ ታወጣለች። ባሏ ጓሮ ሸማ የሚሠራው፣ ከተራራው መንደር ከኦቾሎ የመጣችው የጓደኛዬ የአስቴር እናት ከበቆሎ ዱቄት ተድቦልቡሎ የተቀቀለ ኩርኩፋዋን ከነሽፈራው ቅጠሉ ታቀርባለች። ጋሽ ደምሴ ደግሞ ፍሙ ላይ አሳ ይጠብሳሉ፣ ያወራሉም።

ጋሽ ደምሴ ወሎ ተወልደው፣ በወጣትነታቸው መርከብ ላይ ወጥ ቤት ሠርተው፣ ኋላ ወደቡም መርከቡም ሲቀር እኛ ከተማ መጥተው አንድ መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ተቀጥረው ጡረታ የወጡ ሰው ነበሩ። ዘመድ አልነበራቸውም፤ ወይም ዘመዳቸው እኛ ነበርን። ወሬያቸው ማዕበል ነው፣ ወደብ ነው፣ ድስት ነው። ማዕበል ሲነሳ ድስቱን በገመድ እንደ በሬ ያስሩት እንደነበር፣ አንድ ቀን ግን ገመዱ ተበጥሶ ምስሩ ሁሉ ጣሪያ ላይ እንደተለጠፈ ሲናገሩ እኔና አስቴር ወደ ማንጎው ቅርንጫፍ ቀና ብለን ምስር እንፈልግ ነበር።

ከዩኒቨርሲቲው ተመርቆ ሥራ እየፈለገ እዚያው የቀረው ጎረቤታችን ቢኒያም አይለቃቸውም። «ጋሼ፣ ባለፈው ሩዝ ነው ብለውን ነበር እኮ!» ይላቸዋል።

«ሩዝም ነበር፣ ምስርም ነበር። መርከብ ነው የምልህ፤ ጀልባ መሰለህ?»

እኔ ቢኒያምንም አምናለሁ፣ ጋሽ ደምሴንም አምናለሁ፤ ሁለቱን አንድ ላይ ማመን ግን ያዞረኛል። ቀይ ባሕር ሲሉም የሚታየኝ አባያ ሐይቅ ነበር፤ ከሱ የበለጠ ቀይ ውኃ አይቼ አላውቅማ። እና አንድ ማታ መርከቡ ካምባ ይሄድ እንደሆነ ጠየቅኋቸው። ሁሉም ሳቁ። እናቴ ብቻ አልሳቀችም።

ካምባ የጠየቅሁት ያለ ነገር አይደለም። አባቴ እዚያ የግብርና ሠራተኛ ሆኖ ተመድቦ ነበር። ወር ሲያልቅ ደመወዙን ተቀብሎ፣ አቧራ ለብሶ፣ ለኔ ሸንኮራ ይዞ ይመጣል። እሱ የሚመጣበት ማታ የሚነሳለት ሳህን ነበር፤ ያም የጋሽ ደምሴ ሥርዓት ነው። መርከብ ላይ ማንም እጁን ምግብ ውስጥ ከመስደዱ በፊት የተረኛው ድርሻ ይነሳል ይሉ ነበር። ተረኛ ማለት ሌላው ሲበላ ላይ ቆሞ ባሕሩን የሚጠብቅ ሰው ነው፤ ድርሻው ቀድሞ ካልተነሳ ሲወርድ አጥንት ይጠብቀዋል። ይህን ሥርዓት ግቢያችን አስገቡት። ቢኒያም ሲያመሽ፣ የአስቴር አባት ጋቢ ሊያደርስ ሄዶ ሲቆይ፣ ለእንግዳ የሚወጣው የሸክላ ሳይሆን ጠርዙ የተላጠው የቆርቆሮ ሳህን ይሞላል፣ በሌላ ሳህን ይከደናል፣ መስኮቱ ላይ ይቀመጣል። ወር ሲያልቅ ደግሞ የአባቴ ነው።

ከዚያ አባቴ መምጣት ተወ። ሥራ በዝቶበት ነው ተባልኩ፤ መንገዱ በዝናብ ተበላሽቶ ነው ተባልኩ፤ ሁለቱንም የሚነግሩኝ ሰዎች ደግሞ ፊቴን አያዩም ነበር። እናቴ ወር እስኪያልቅ መጠበቁን ትታ በየማታው ሳህኑን ታነሳ ጀመር። ጠዋት ስነሳ ሳህኑ እንደተከደነ አለ። «አባትሽ አልመጣም፤ ብዪው» ትለኛለች። የኔ መከራ ይሄ ነበር፤ ቢመጣ አባት አለኝ፣ ባይመጣ ቁርስ አለኝ። ማታ እንዲመጣ ጸልዬ እተኛለሁ፣ ጠዋት መስኮቱ ላይ ሳህኑን ሳይ ሆዴ ደስ ይለዋል፤ ከዚያ ደስ ስላለው አፍራለሁ፤ አፍሬም እበላለሁ።

አንድ ማታ ጋሽ ደምሴ ፍሙን እየቆሰቆሱ ከዚያ በፊት ያላወሩትን ወሬ አወሩ። የመርከቡ የሞተር ክፍል ሠራተኛ የሆነ ሰው አንድ ወደብ ላይ ሲጋራ ልግዛ ብሎ ወረደ። ሳይመለስ መሸ። መርከቡ ጡሩንባውን ነፋ፣ ጠበቀ፣ ደግሞ ነፋ። እሳቸውም ድርሻውን አንስተው ከድነው አስቀመጡለት። በመጨረሻ መርከቡ ሲነሳ ወደ ወደቡ ቢያዩ ሰውዬው ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ቆሟል፤ አጠገቡ አንዲት ሴት አለች። እጁን አነሳላቸው። መርከቡም ሄደ።

«እኔ ግን» አሉ ጋሽ ደምሴ፣ «በነጋታውም አነሳሁለት፤ በሦስተኛውም ቀን። ምግቡ ሸተተ። ካፒቴኑ ወጥ ቤት ገብቶ የማን ነው ይሄ አለኝ። የተረኛው ነው አልኩት። ተረኛ እኮ መርከቡ ላይ ያለ ሰው ነው አለኝ።»

ጢሱ ወደኛ ዞረ፣ ማንም ግን ከቦታው አልተንቀሳቀሰም። የአስቴር እናት የያዘችውን ኩርኩፋ መልሳ ትሪው ላይ አኖረችና «ጋሽ ደምሴ፣ ዛሬ ምን ነካህ?» አለች። እናቴ ቀስ ብላ ተነስታ ወደ ቤት ገባች።

እኔ ምኑም አልገባኝም። ሰውዬው እየታየ እንዴት ጠፋ ይባላል? እጁን ካነሳስ መርከቡ ለምን አልተመለሰለትም? ይህንኑ ጠየቅኋቸው።

«ኑ ብሎ አይደለማ እጁን ያነሳው፣ የኔ ልጅ» አሉኝ። ከዚያ አሳው አረረ፤ በሕይወቴ ጋሽ ደምሴ አሳ ሲያሳርሩ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ለእናቴ ብለው ያወሩት ይሁን፣ ወይ ወሬው ራሱ አምልጧቸው ይሁን፣ ዛሬም ድረስ አላውቅም። እንዳላስብበት ሞክሬ አልሆነልኝም።

በነጋታው ማታ ሁሉም ትሪውን ከበበ። እናቴ ሳህን አላነሳችም። ረስታ መስሎኝ ሮጬ አመጣሁላት።

«ተዪው» አለችኝ።

«ለአባዬስ?»

«ብዪ አንቺ።»

በላሁ። ጠዋት መስኮቱ ባዶ ነበር፤ ትምህርት ቤት ሳልበላ ሄድኩ።

አባቴ የመጣው ዝናቡ ካለፈ በኋላ አንድ ቅዳሜ፣ ምሳ ላይ ተቀምጠን ሳለ ነው። መጀመሪያ ያየችው የአስቴር እናት ናት። አማርኛዋ ሴት ወንድ አይለይም፤ ሁላችንንም «አንተ» ነበር የምትለን። «አንተ፣ አባትህ መጣ!» ብላ ጮኸችልኝ። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሷል፣ በቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ ይዟል። እግሩ ላይ ተጠመጠምኩ። ሰዉ ሁሉ ሰላም ብሎት፣ ትሪው ዙሪያ ጠጋ ጠጋ ብሎ አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ተለቀቀ።

እናቴ ግን ወደ ቤት ገብታ ስትመለስ በአንድ እጇ ማንቆርቆሪያ፣ በሌላው ሳሙናና ፎጣ ይዛ ነበር። ብቻውን ዱካ ላይ አስቀመጠችው። ቆማ እጁን አስታጠበችው። ቀጥላ ከቁም ሳጥኑ አበባ ያለውን የሸክላ ሳህን አወጣች፤ ያ ሳህን ለምትሠራበት ጤና ጣቢያ አለቃና ለነፍስ አባታችን ካልሆነ አይወጣም። እንጀራውን አጥፋ፣ ሥጋ ሥጋውን መርጣ ጨለፈችለት። «ቤት ያፈራው ነው» አለችው።

እኔ በኩራት ልፈነዳ ደረስኩ። የአስቴርን ጎን በክርኔ ጎሽሜ «አየሽ? ለአባቴ የአበባው ሳህን!» አልኳት።

አባቴ ሳህኑን አየ፣ ትሪውን አየ።

«እዚያ ቦታ የለም እንዴ?» አለ፣ በጣም ቀስ ብሎ።

«ቦታማ አለ» አለች እናቴ፤ ሳህኑን ግን አላነሳችም።

እሱም እዚያው በላ። ጋሽ ደምሴ አንገታቸውን ደፍተው የአሳ እሾህ ይለቅማሉ። አባቴ ገና ሳይጨርስ እጁን ሰብስቦ «እግዜር ይስጥልኝ» አለ። በቤቱ በልቶ እንዲህ ሲል ሰምቼው አላውቅም። እናቴም «አብሮ ይስጠን» አለችው፣ ለማንም እንደምትለው። ወደ በሩ ሸኘሁት። ግንባሬን ሳመኝ፣ «በደንብ ተማሪ» አለኝ፣ ባጃጅ ጠርቶ ወደ መናኸሪያ ሄደ። መቼ ትመጣለህ ብዬ አልጠየቅሁትም። ለምን እንዳልጠየቅሁ አላውቅም፤ እንግዳ እንደዚያ አይጠየቅም መሰለኝ።

ካምባ ሌላ ትዳር እንደነበረው የሰማሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ግቢው በሙሉ ያውቅ ኖሯል። ጋሽ ደምሴ ዛሬ የሉም፤ ምስሩና ሩዙ ሳይለይልኝ ሄዱ። ግቢውም ፈርሶ ፎቅ ተሠርቶበታል። ብዙው ነገር ተምታቶብኛል፤ የትኛውን አይቼ የትኛውን ከወሬ እንደሰማሁ፣ ሰውዬው ወደቡ ላይ ቆሞ እጁን ሲያነሳ የሚታየኝ ለምን በአባቴ መልክ እንደሆነ አላውቅም።

አንዱ ግን አልተምታታብኝም፤ እሱን በዓይኔ አይቻለሁ። ከበሩ ስመለስ ሰዉ ሁሉ ተነስቶ ነበር። እናቴ ብቻዋን አባቴ የተነሳበት ዱካ ላይ ተቀምጣ፣ የአበባውን ሳህን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ እሱ የተወውን ትበላለች። ቀስ እያለች፣ ጨርሳ በላችው። ባለፈው ዓመት ይህን አንስቼ ለምን እንደነበር ጠየቅኋት። አሁን አርጅታለች፤ ሳቀችብኝ።

«አንቺ ደግሞ፣ ምግብ ይጣላል እንዴ?» አለችኝ።

እውነቷን ነው፤ እኛ ግቢ ምግብ ተጥሎ አያውቅም። የአስቴር እናት ዶሮዎች ነበሯት፤ እንግዳ ያስተረፈው ሁሉ የሚሰጠው ለነሱ ነበር።