ጋሽ አስማረ መምህር ነበሩ፤ ሌላ የለም

ጠዋት ተደውሎ «ጋሽ አስማረ አረፉ» ሲሉኝ ስልኩን ዘጋሁት። መልሼ ደወልሁ። ያው ነው መልሱ።

ትናንት እኮ ሐይቁ ዳር ተገናኝተን ነበር! የፈተና ወረቀት በፌስታል አንጠልጥለው፣ «የእነዚህ ልጆች እጅ ጽሑፍ ሊገድለኝ ነው» እያሉ ሲስቁ ነበር።

ለማታውቋቸው፣ ጋሽ አስማረ የሒሳብ መምህር ናቸው። እኔም ጠመኔ የያዝሁት እሳቸው ያስተምሩበት በነበረው ባሕር ዳር ትምህርት ቤት ነው።

ሚስቴን ላገባ ሽማግሌ ስልክ አንዱ እሳቸው ነበሩ። አማቴ «ልጁ ምን ይሠራል?» ብለው ጠየቁ።

«መምህር ነው።»

«ደግ። ሌላስ?»

አንደኛው ሽማግሌ ነገሩን ለማለስለስ «ማታ ማታ ባጃጅም…» ብሎ ሲጀምር ጋሽ አስማረ አቋረጡት፦ «ሌላ የለም! መምህር ነው አልሁ እኮ።»

ይህን ሲነግሩኝ «አለቀልኝ» አልሁ። ግን ልጅቷን ሰጡን።

ከዚያ ወዲህ ደመወዝ ሲዘገይም፣ አከራይ «ለአስተማሪ አላከራይም» ሲለንም ያቺኑ «ሌላ የለም» ይደግሟት ነበር። አንድ ስብሰባ ላይ የሁላችንንም የደመወዝ ጥያቄ ብቻቸውን ተነሥተው ጠየቁ። እኛ ወለል ወለሉን እናይ ነበር። ብዙ ሳይቆይ ከባሕር ዳር ወጣ ወዳለችው መሸንቲ አዛወሯቸው። «ይቅርታ ይጠይቁና ይቅሩ» ስንላቸው፣ «ምን አጥፍቼ? መሸንቲስ ልጅ የለም እንዴ?» ብለው ሚኒባስ ተሳፈሩ።

አሁን ይህን የምጽፈው ተናድጄ ነው። ነገ ቀብር ላይ የሕይወት ታሪካቸውን የማነበው እኔ ነኝ። ለቅሶ ቤት ተቀምጠን ስንጽፈው አንድ ዘመድ ጠጋ ብሎ፣ «ትልልቅ ሰው ይመጣል። 'መምህር' ብቻ ከምንል 'የትምህርት ባለሙያ' ብንልስ?» አለኝ።

ደሜ ፈላ። ሰውዬው ዕድሜ ልካቸውን ያላፈሩበትን ሥራ እኛ ሬሳቸው ፊት ልናፍርበት ነው? ልጆቻችሁን ጠዋት ጠዋት ለማን ነው የምታስረክቡት?

አልቀይረውም። የሚቀየም ይቀየመኝ።

ጋሼ፣ ነገ ማይኩን ስይዝ «መምህር ነበሩ» እላለሁ፣ ጮክ ብዬ። ከሕዝቡ መሃል «ሌላስ?» የሚል ቢኖር እርስዎ እንደመለሱልኝ እመልስለታለሁ።

ፌስታሉን ከቤትዎ ወስጄዋለሁ። የቀረውን አርሜ መሸንቲ ለልጆችዎ አደርሳለሁ።

እርስዎ አሁን ይረፉ፣ መምህር።