ባልጩቱ የተኛበት

ባሌ ቀለመወርቅ የበረሃ አስጎብኚ ነው። ነበር ለማለት አፌ እንቢ ይለኛል። ጸጉሩ እስኪሸብት ድረስ ከአስኮ እየተነሳ፣ ያን ትልቅ ሻንጣ በጀርባው አዝሎ፣ አፋር ወርዶ እንግዶችን በደረቅ ሸለቆ ውስጥ በእግር ሲመራ ኖረ። ጎረቤት "ኧረ ምን ሊያዩ ነው?" ሲለኝ "ድንጋይ" እላለሁ። ሌላ ምን ልበል?

ቤት የሚመጣው ደግሞ አካሉ ብቻ ነበር። እራት እየበላ ጉርሻውን እንደያዘ ፈዞ ይቀራል። ሸለቆው ውስጥ ተመልሶ መግባቱን ያኔ አውቃለሁ። ሴት ብትሆን ጸጉሯን ነጭቼ እገላገል ነበር። በሸለቆ ይቀናል? እኔ ቀናሁ።

አምና ጉልበቱ እንቢ አለ። ሐኪሙ ከእንግዲህ ቁልቁለት የለም አለው። ለመጨረሻ ጊዜ አንዴ ልሂድ ብሎ ለመነ፤ "ሰርኬ፣ አንቺም አብረሽኝ ነይ" አለኝ። እኔ የፈራሁት አንድ ነገር ነው። ሸለቆውን ሲያጣ ምን ይዞ ይኖራል? አባቴ ጡረታ በወጡ በዓመቱ ነው ወንበር ላይ እንደተቀመጡ ያረፉት።

ከእንግዶቹ ጋር አብሬው ወረድኩ። ሸለቆውን እንዴት ብዬ ልንገራችሁ። ግድግዳው ቀይ፣ ከዚያ ነጭ፣ ደግሞ ቀይ፤ እንደተደራረበ ጋቢ ነው። ቀለመወርቅ ነጩን በጣቱ እየነካ "ይሄ የእሳተ ገሞራ አመድ ነው። ሲወርድ ሰው እዚህ ይኖር ነበር" ይላል፣ ቤት ውስጥ ሰምቼው በማላውቀው ለስላሳ ድምፅ። ሙቀቱ፣ ጸጥታው፣ የእሱ ድምፅ... በቁሜ ሕልም የማይ መሰለኝ። አሸዋው ላይ የጥንት ሰዎች የጠረቡት ባልጩት ተበትኗል። አንድ ግራር ሥር አንዱን አነሳሁ። ጥቁር ነው፣ ያብረቀርቃል፣ ለአውራ ጣቴ ልክ ነው።

ከሸለቆው ሲወጣ ሁሉም ኪሱን ይገለብጣል፤ የቀለመወርቅ ሕግ ነው። የተነሳ ድንጋይ ወደ ቦታው ይመለሳል። "ከቦታው የተነሳ ድንጋይ ዲዳ ነው" ይላል። እንግዶቹ ገለበጡ። እኔ ጨብጬ ቆምኩ።

"ሰርኬ" አለኝ።

"አልሰጥም። ቤት ስትውል ምን ልታይ ነው?"

"ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም" ብሎ ሳቀ። ዓይኑ ግን እንባ አቅርሯል።

ጣቶቼን በቀስታ ፈልቅቆ ባልጩቱን ወሰደና እያነከሰ ወደ ሸለቆው ተመለሰ። በዚያ ጉልበት! ተናድጄ አለቀስኩ። ሲመጣ ላብ አጥምቆታል። "ግራሩ ሥር፣ ስለታም ጎኑን ወደ ምሥራቅ አድርጌ አስተኛሁት" አለኝ። እስከ አስኮ ድረስ ፊቴን አዞርኩበት።

አሁን ሲመሻሽ በረንዳ ላይ ጉልበቱን በቅባት አሽለታለሁ። የታክሲ ረዳቶቹ ጩኸት ጋብ ሲል ዓይኑን ይጨፍናል። ድሮ ብቻውን ነበር የሚሄደው።

"የት ደረስክ?" እለዋለሁ።

"ነጩ አመድ ጋ።"

ትንሽ ቆይቼ "ግራሩስ?" እላለሁ።

"ይታየኛል። ቀስ በይ፣ እዚህ ጋ ያንሸራትታል።"

እኔም ዓይኔን ጨፍኜ እጁን እይዛለሁ። ስንደርስ ባልጩቱ እሱ ካስተኛበት ቦታ ንቅንቅ አላለም።