«የለም» ያልኩት ባለቤቴ

ባለቤቴን በቁሙ የገደልኩት በአንዲት ቃል ነው። ካሊፎርኒያ፣ ፌርፋክስ መንገድ ላይ የልብስ ስፌት ሱቄን የከፈትኩ ሰሞን ነበር። እሱ ከዚያ አንድ ወር ቀደም ብሎ «የዚህ ሰፈር ኪራይ ይበላሻል፤ እኔ አብሬሽ አልበላም» ብሎኝ ታክሲ ሊነዳ ላስ ቬጋስ ሄዷል። እኔም ግትር ነኝ፤ አትሂድ አላልኩትም።

የሰፈሩ ሰው ግብሩን የሚያሠራው ከሱቄ በላይ ፎቅ ላይ ቢሮ ካላቸው፣ ሁላችንም ጋሼ ከምንላቸው ሂሳብ ሠራተኛ ዘንድ ነው። ድርጅቱን ካስመዘገቡልኝ በኋላ «ኤስ ኮርፕ እናድርገው» አሉኝ። ትርፉ ሁለት ጊዜ ግብር ከሚቆረጥበት፣ አንዴ ብቻ በእኔ በኩል ይቆረጥበታል ማለት ነው። ምርጫው ግን በሁለት ወር ከአሥራ አምስት ቀን ውስጥ በፎርም ለግብር መሥሪያ ቤቱ መላክ አለበት። ፎርሙን እየሞሉ፣ ቀና ሳይሉ ጠየቁኝ።

«ባለቤትሽስ?»

«የለም» አልኩ።

እዚህ የለም ማለቴ ነበር። ቬጋስ ነው፣ ተኳርፈናል ብዬ ለትልቅ ሰው ማብራራት ከበደኝ። የዚያን ቀን ደግሞ ጥቁር ሹራብ ለብሻለሁ፤ ለሌላ አይደለም፣ ታጥቦ ያገኘሁት እሱን ነው። ጋሼ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ።

«እግዜር ያጥናሽ፣ ልጄ» አሉ ቀስ ብለው።

ያኔ ማረም ነበረብኝ። አፍሬ «አሜን» አልኩ።

ከዚያ በኋላ ጋሼ ባገኙኝ ቁጥር ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሰላም ይሉኝ ጀመር። ሐዘንተኛ መሆኑን ለመድኩት፤ ናፍቆቱ እንደሆነ ውሸት አልነበረም። ኢንግልዉድ ሰፈር አብረን ስንኖር ቤታችን በር ላይ ሲደርስ ሁለት ጊዜ አጠር አጠር አድርጎ ክላክስ ያደርግ ነበር፤ ወጥተሽ ዕቃ አግዢኝ ለማለት። ፌርፋክስ ላይ ደግሞ ክላክስ የማያደርግ ሹፌር የለም። ሁለቴ በተነፋ ቁጥር ከማሽኑ ቀና እላለሁ። ስንት መርፌ ሰብሬበታለሁ።

በዓመቱ የራሴን ግብር ላሠራ ፎቅ ወጣሁ። «ጋሼ፣ አብረን ነው የምንሞላው ወይስ ለየብቻ?» አልኳቸው።

መነጽራቸውን አወለቁ። «ከማን ጋር?»

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። እውነቱን ነገርኳቸው። መጀመሪያ ተቆጡ፣ ቀጥሎ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ፣ ከዚያ እንደገና ተቆጡ።

«ስሚ፣ ይሄ ካሊፎርኒያ ነው። የሚስት ሀብት የባልም ነው። ስሙ ወረቀቱ ላይ ባይኖርም እሱም ሳይን ማድረግ ነበረበት። ሶ፣ ምርጫው አልጸናም፤ ጊዜውም አልፏል።»

አማርኛችን ለባልም ለንብረት ጌታም «ባለቤት» የሚል አንድ ቃል ነው ያለው። ካሊፎርኒያም እንደዚያው እንደምታስብ የገባኝ ያኔ ነው።

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«ኦኬ፣ ዘግይቶ መምረጥ የሚባል አለ። ለምን እንደዘገየን በቂ ምክንያት እንጽፋለን፤ ሁለታችሁም ትፈርማላችሁ። ከተቀበሉን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እንደተመረጠ ይቆጠራል።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አስደገምኳቸው።

ደወልኩለት። ከሄደ ጀምሮ ደውዬለት አላውቅም። ፊርማህ ያስፈልጋል አልኩት እንጂ ናፍቀኸኛል አላልኩትም። ወረቀቱን በፖስታ መላክ ይቻል ነበር። እሱ ግን «እመጣለሁ» አለ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሁለት ክላክስ ሰማሁ። ብዙ ጊዜ ስለተታለልኩ ቀና አላልኩም። በሩ ተከፈተ። ከስቷል። ሱቁን ዙሪያውን አየ፤ የተሰቀሉትን ቀሚሶች ነካ ነካ አደረገ። ስለ ኪራዩ አንድም ቃል አልተናገረም።

ፎቅ ስንወጣ ጋሼ ብድግ አሉ። «የለም የተባልከው አንተ ነህ?»

«አለሁ፣ ጋሼ» አለ።

ምክንያቱን ጋሼ በእንግሊዝኛ ጽፈውታል፤ በአነጋገር ስላልተግባባን የባለቤቷ ፊርማ ቀረ፣ ስህተቱን እንዳወቅን ወዲያው አስተካከልን ይላል። እሱ እስከ መጨረሻው አነበበውና ፈረመ። እስክሪብቶውን ሳይመልስ «ይሄ ዘግይቶ መምረጥ እስከ ስንት ጊዜ ነው የሚፈቀደው?» ብሎ ጠየቀ።

«ሦስት ዓመት ከሰባ አምስት ቀን።»

ጠረጴዛው ሥር በጣቶቹ ሲቆጥር አየሁት። ከየትኛው ቀን ጀምሮ እንደሚቆጥር አውቄያለሁ፤ እኔም እየቆጠርኩ ነበር። ያኔ ተመለስ ማለት ነበረብኝ። እንኳን ተመለስ፣ ምሳ ብላ አላልኩትም። «መንገዱ ሳይጨናነቅ ሂድ» አልኩት፤ ሄደ።

መልሱ ከወራት በኋላ መጣ። ተቀብለውናል፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ። ደውዬ ነገርኩት። «እሰይ» አለ። ከዚያ ስልኩን ዘጋን፤ የሚፈረም ሌላ ወረቀት አልነበረንም።

እሱ ከሄደ ሦስት ዓመት ከሰባ አምስት ቀን የሞላው ባለፈው ወር ነው። የዚያን ቀን የመንገዱ ድምፅ እንዲሰማኝ ብዬ ማሽኑን አላስነሳሁም። ማንም አልመጣም።

ትናንት አንዲት አዲስ ደንበኛ የቀሚሷን ወገብ ስለካላት «ባለቤትሽስ?» አለችኝ።

«አለ» አልኳት።

የት እንዳለ አልጠየቀችኝም።