ያመለጣቸው እጥበት

በጻፍኩት ጽሑፍ አገሬ ላይ ታስሬ፣ ሸሽቼ ላስ ቬጋስ ብገባ፣ ጥገኝነት ልጠይቅ በሄድኩበት ቢሮ ደግሜ ተያዝኩ። ከድጡ ወደ ማጡ! ያሰሩኝ ክፍል የሲሚንቶ አግዳሚ፣ በር የሌለው ሽንት ቤትና አጥንት የሚሰብር የኤሲ ብርድ ነበረው። ጥግ ላይ አንድ አበሻ ሽማግሌ እግራቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል።

ካዚኖ በር ላይ የሰው መኪና ፓርክ ሲያደርጉ ያረጁ ሰው ናቸው፤ አሮጌ ክስ ተመዞባቸው ነው የተያዙት። ኩላሊታቸው ሥራ ስላቆመ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ደማቸው በማሽን ይታጠባል። የማክሰኞው አምልጧቸዋል። ያን ቀን ሐሙስ ነበር።

"ለጋርዱ ነግረውታል?"

"ነገርኩት። ፎርም ሙላ አለኝ፤ ሞላሁ።"

እኔ ለኩላሊት የማውቀው መድኃኒት አንድ ነው፤ ውሃ። አገር ቤት ኩላሊቴን ያለ ሁሉ ውሃ ጠጣ ይባላል። የራሴን ድርሻ ጨምሬ፣ "በሞቴ!" እያልኩ አራት ኩባያ አጠጣኋቸው።

ከሰዓት በኋላ ትንፋሻቸው ያጥር ጀመር። ቁርጭምጭሚታቸውን በጣቴ ብጫነው እንደ ሊጥ ጎድጉዶ ቀረ።

"ጋሼ፣ ምን ላድርግልዎ?"

"ውሃው ይብቃኝ፣ ልጄ። መሽናት ካቆምኩ ቆየሁ። የጠጣሁት የሚወጣው በማሽኑ ነው።"

"ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?"

"ጠምቶኝ ነበር። ደግሞ በሞቴ አልከኝ።"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። በሩን ደበደብኩ፣ በማውቀው እንግሊዝኛ ሁሉ ጮህኩ። ጋርዱ በመስኮቱ አየኝና፣ "ፕሮሰስ ላይ ነው፣ ሰር" ብሎኝ ሄደ። አገሬ ያሰሩኝ ቢያንስ ይሰድቡኝ ነበር። ይሄን ጨዋ ምን ልበለው? ጀርባቸውን ደግፌ ከመቀመጥ ሌላ የምችለው አልነበረም።

አመሻሹ ላይ ሆስፒታል ሊወስዷቸው ባለጎማ ወንበርና ካቴና አመጡ። ጋርዱ ሁለት እጃቸውን ሊያስር ሲል ግራውን ወደ ደረታቸው ሳቡ። ለማሽኑ ተብሎ በኦፕሬሽን ደም ስሩ የተቀጠለው ክንድ ነው፤ ከታሰረ ይዘጋል።

"ይሄ እጅ አይታሰርም" አሉት በእንግሊዝኛ፣ ትንፋሽ እየቆራረጣቸው። ቀኙን ራሳቸው ዘረጉለት።

ጋርዱ ቆመ። ከዚያ ቀኙን ብቻ ከወንበሩ ጋር አሰረው። በነጻው እጃቸው ኮሌታቸውን አስተካክለው ወጡ።

ከወራት በኋላ ስፈታ ሆስፒታል ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችው ሴት የበሽተኛውን ስም ጠየቀችኝ። ትልቅ ሰው በስሙ አይጠራም ብዬ፣ ቀኑን ሙሉ ጋሼ ስል ስማቸውን አልጠየቅኳቸውም።

ዛሬ እዚያው ላስ ቬጋስ አጠገብ፣ ስፕሪንግ ቫሊ እኖራለሁ። ባሰብኳቸው ቁጥር እግዜር ይማርዎ ልበል ወይስ ነፍስ ይማር፣ እስካሁን አላውቅም።